ስለ ጆርጅ ባላንቺን የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

(ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኮሪዮግራፈር (የዳንስ እንቅስቃሴ ፈጣሪ) ዳንሱን ቤቱ ጨርሶ ነው ወደ ልምምድ የሚመጣው።»

በሩሲያ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው የባሌ (የክላሲካል መድረክ ዳንስ) ኮሪዮግራፈር ባላንቺን ቤቱ የሚጨርሰው ሙዚቃውን ነበር። ፒያኖ በኮንሰርቫቶሪ (በሙዚቃ ትምህርት ቤት) ስለተማረ የኦርኬስትራ ኖታ ራሱ ለፒያኖ ያዘጋጅ ነበር፤ ልምምድ ሲገባ እያንዳንዱን ምት ያውቀዋል። እንቅስቃሴውን ግን የሚፈጥረው እዚያው፣ ከፊቱ በቆሙት ዳንሰኞች ላይ ነው። ለዚህ «ሴሬናድ» ከተባለው ባሌው የተሻለ ማስረጃ የለም። በ1934 ኒውዮርክ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ሥራውን ሲጀምር በመጀመሪያው ምሽት 17 ሴቶች መጡ። 17 እኩል ረድፍ አይወጣለትም፤ ስለዚህ በሰያፍ አሰልፎ አቆማቸው። በሚቀጥለው ምሽት 9፣ ከዚያ 6 ሆኑ፤ በመጡት ልክ ሠራ። አንዷ ወደቀች፣ ሌላዋ አርፍዳ ገባች፤ ሁለቱንም የባሌው አካል አደረጋቸው። ዛሬም «ሴሬናድ» የሚከፈተው በ17 ሴቶች ነው፤ አርፍዳ የምትገባዋም አልቀረችም። ባሌው የተሠራበትን የአቀናባሪውን የቻይኮቭስኪን ሙዚቃ ቅደም ተከተል እንኳ ቀይሮ ሐዘንተኛውን ክፍል መጨረሻ ላይ አውሎታል።

«ተረት ይጠላ ነበር።»

በፍጹም። በ1954 «ነትክራከር» የተባለውን ተረት፣ በ1962 ደግሞ የሼክስፒርን «የመኸል በጋ ሌሊት ሕልም» በባሌ ሠርቷል።

«ያለ መድረክ አልባሳት፣ በልምምድ ልብስ የሚያስጨፍረው ገንዘብ ስለሌለው ነው።»

የገንዘብ ችግሩ መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር፤ «አጎን» በተባለው የ1957 ባሌ ግን ምክንያቱ እንቅስቃሴው ለዓይን እንዲታይ ነው። አራት ወንዶች ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው በልምምድ ልብስ ይጀምራሉ። የአቀናባሪው የስትራቪንስኪ ሙዚቃ ምቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ዳንሰኞቹ በልባቸው ይቆጥራሉ፤ ሰፊ ቀሚስ ቢደርብበት የዳሌውና የጉልበቱ መስመር ይሸፈናል፣ ቆጠራውም ለዓይን ይጠፋል። የዚህ ባሌ ጥንድ ዳንስ የተሠራው ለጥቁሩ አርተር ሚቸልና ለነጯ ዳያና አዳምስ ነው፤ በዚያ ዘመን አሜሪካ ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር።

«ቪዲዮ ካለ ማንም ይማረዋል።»

ባላንቺን በ1983 ሲሞት ሥራዎቹን በኑዛዜ ለሰዎች አከፋፈለ፤ ሥራዎቹን ለማሳየት ፈቃድ የሚሰጠው ባላንቺን ትረስት የተባለው ተቋም በ1987 ተቋቋመ። ፈቃድ ያገኘ የዳንስ ቡድን ሥራውን የሚያስተምር ባለሙያ ይላክለታል። ቪዲዮ ብቻውን የማይበቃው፣ ከተመልካች ወገን የተቀረጸ ምስል ላይ የዳንሰኛው ቀኝ በግራችን ስለሚታይ፣ ከኋላ ያሉት በፊተኞቹ ስለሚጋረዱ፣ የዚያ ምሽት ስህተትም እንደ ትክክለኛ ስለሚጠና ነው።