ሳምፕል ሬት ምንድን ነው? ለሸክላስ ስንት ይበቃዋል?

«ሸክላህን በ192 ካልቀዳኸው ድምፁ ይሸራረፋል።» ሸክላ በቤቱ ወደ ኮምፒውተር ሊገለብጥ የተነሳ ሰው ሁሉ ይህችን ምክር፣ ቃሏ ትንሽ እየተለዋወጠ፣ ይሰማታል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ሥዕል ጨምሮባት አየሁ፦ ከላይ ለስላሳ ሞገድ፣ ከታች ያው ሞገድ እንደ ቤት ደረጃ ተቆራርጦ። «ዲጂታል ማለት ይህ ነው» ይላል ከሥሩ። አይደለም።

ሳምፕል ሬት የድምፁ ሞገድ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገር ቁጥር ነው። 44.1 ኪሎኸርዝ ማለት በሰከንድ 44,100 ልኬት ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሲዲም የሚሠራው በዚሁ ነው። የምክሯ 192ም 192 ኪሎኸርዝ ማለት ነው። ጠቡ የሚነሳው «በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ድምፅ የት ገባ?» ሲባል ነው። የትም አልገባም። ከሳምፕል ሬቱ ግማሽ በታች ያለ ድግግሞሽ (ድምፅ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ እሱም በኸርዝ ይለካል) ሁሉ ከነጥቦቹ ተነስቶ መልሶ ይገነባል፣ መካከሉም ጭምር። መሐንዲሱ ሃሪ ናይኩዊስት እ.ኤ.አ. በ1928 መንገዱን ጠረገ፣ የሒሳብ ሊቁ ክሎድ ሻነን በ1949 ማረጋገጫውን አሳተመ። ነገሩ ሒሳብ ነው፤ «ለእኔ ጆሮ ግን» የሚባልበት አይደለም።

በአንድ መስመር ያልተሰለፉ ሦስት ነጥቦች ወረቀት ላይ አስቀምጡና በሦስቱም የሚያልፍ ክብ ሥሩ። የሚገኘው አንድ ክብ ብቻ ነው። በዚያው ክብ ላይ አራተኛ ነጥብ፣ ከዚያም መቶኛ ብትጨምሩ ክቡ ከበፊቱ የበለጠ ክብ አይሆንም። ወንድማችን ግን ሦስቱን ነጥቦች በማስመሪያ አያይዞ «ይኸው፣ ክቡ ሦስት ማዕዘን ሆነ» ብሎ ይጮኻል። ማስመሪያውን ማን አዘዘው? እርግጥ ነው፣ ነገሩ የሚሠራው ቅርጹ ክብ መሆኑን አስቀድመን ካወቅን ነው። በድምፅ ቅጂ ይህንን ዋስትና የሚሰጠው ከልኬቱ በፊት ያለው ማጣሪያ ነው፤ ከግማሹ በላይ ያለውን ድግግሞሽ ያስወግዳል። ካላስወገደው ያ ድግግሞሽ ሐሰተኛ ድምፅ ሆኖ ወደ ሙዚቃው ይገባል። ነጥቡን የሚያስቀምጠው እጅ ቢንቀጠቀጥስ? እሱ የቢት ብዛት፣ ማለትም እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል በጥራት እንደሚጻፍ የሚወስነው ቁጥር፣ ጉዳይ ነው። በደንብ በተሠራ መቅጃ ያ መንቀጥቀጥ ደረጃ አይፈጥርም፤ «ሽሽሽ» የሚል ስስ ድምፅ ይጨምራል እንጂ።

ሰዎችን የሚያሳስተው አንዱ ነገር የኮምፒውተሩ መስኮት ይመስለኛል። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ሞገዱን አጉልታችሁ ብታዩት ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ተያይዘው ታገኟቸዋላችሁ። መስመሩን የሣለው ፕሮግራሙ ነው። ድምፁ በሚወጣበት ሽቦ ላይ ኦሲሎስኮፕ፣ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ቢሰካ የሚታየው ለስላሳው ሞገድ ነው።

አሁን ወደ ሸክላው። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ በሚዞር ትልቅ ሸክላ መርፌው በውጭኛው ጠርዝ በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 20 ይወርዳል። እዚያ የ20 ኪሎኸርዝ ድምፅ፣ የሰው ጆሮ ጣሪያ የሚባለው፣ አንድ ዑደቱ በፈሩ ላይ የሚይዘው የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ያህል ነው። ይህን ሳያጎድል የሚያነብ መርፌ ጥቂት ነው፣ ያረጀ መርፌማ አይታሰብም። ሸክላ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ መያዝ አይችልም አላልኩም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወጡት ባለ አራት ቻናል የሲዲ-4 ሸክላዎች (ስሙ ከሲዲ ጋር አይገናኝም) የተጨማሪዎቹን ቻናሎች ድምፅ የሚሸከም ሞገድ በ30 ኪሎኸርዝ ላይ ነበራቸው። በተራ ሸክላ ግን እዚያ ከፍታ ላይ በአመዛኙ የሚገኘው የመርፌ መዛባት፣ አቧራና የጭረት ምት ነው። ስለዚህ ለማዳመጥ 44.1 ይበቃዋል።

ያም ሆኖ እኔ ራሴ የምቀዳው በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ነው። 96ቱ ለጭረት ማጥፊያው ነው፤ ቅጽበታዊው ምት እስከ ላይኛው ድግግሞሽ ስለሚዘልቅ ፕሮግራሙ ከሙዚቃው ለመለየት ይቀለዋል። 24 ቢቱ ደግሞ መጠኑን ዝቅ አድርጎ ለመቅዳት ነፃነት ይሰጣል፤ የሙዚቃው ጫፍ ከ-6 ዴሲቤል፣ ማለትም መቅጃው ከሚችለው ጣሪያ 6 ዴሲቤል ዝቅ ካለው ልክ፣ ባያልፍ እመርጣለሁ። ሸክላ ራሱ በበጎው ቀን ከራሱ ሽሽታ እስከ ከፍተኛው ድምፅ ያለው ርቀት ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ቢሆን ነው፤ ለተጠናቀቀው ፋይል 96 ዴሲቤል ገደማ የሚይዘው 16 ቢት ይተርፈዋል። በ192 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀዳ ስቴሪዮ በደቂቃ 69 ሜጋባይት ያህል ይበላል፤ በሲዲ ልክ የተቀዳው 10.6 ገደማ። በ44.1 የተቀዳን ፋይል ኋላ ወደ 192 መቀየርም ፋይሉን ከማወፈር በቀር የሚጨምረው የለም።

ደግሞ 192 የትኛው? ይኸው አስተያየት ሰጪ ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ «192 ከ320 ያነሰ ነው» ሲል አገኘሁት። ያኛው የኤምፒ3 ኪሎቢት በሰከንድ ነው፤ የታመቀ ፋይል በሰከንድ ስንት ቢት እንደሚፈጅ የሚናገር ነው እንጂ ከልኬት ብዛት ጋር አይገናኝም።

ለቁጥር የሚጨነቅ ሰው ይልቅ ገመዱ የት እንደተሰካ ይመልከት። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ የተለመደው መለኪያ አርአይኤኤ ይባላል። ይህን መልሶ የሚያቃናው የፎኖ ማጉያው ነው። ማጫወቻው ያለ እሱ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ከተገናኘ የሚቀዳው ደካማና ቀጭን ድምፅ ነው፣ በ44.1ም በ192ም። ከዚያ ዘመን በፊት የተቀረጹት፣ በተለይ ባለ 78 ዙሮቹ፣ አምራቾቻቸው የየራሳቸውን መለኪያ ይጠቀሙ ስለነበር የተለመደው ማጉያ አይበቃቸውም፤ ሸክላው በየትኛው መለኪያ እንደተቀረጸ አይቶ በፕሮግራም ማስተካከል ያስፈልጋል።