ቪርቱኦዞ ምንድን ነው? ስለ ሩማንያ አኮርዲዮን

የሩማንያ ጭፈራ ሙዚቃ በተከፈተ ቁጥር «አኮርዲዮኒስቱ ቪርቱኦዞ ነው፤ ጣቶቹ አይታዩም እኮ!» የሚል አይጠፋም። ቪርቱኦዞ ማለት በመሣሪያው እጅግ የተካነ ሙዚቀኛ ነው። በቅርቡ ደግሞ አንዱ «የፍጥነት ጉዳይ ነው፤ ጠንክሮ የተለማመደ ሁሉ ይደርስበታል» ብሎ ደመደመ። ይህ በለውታሪዎች ላይ የተፈረደ ፍርደ ገምድል ነው። ለውታሪዎች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርሱ፣ አብዛኞቹም ሮማ ከሚባለው በአውሮፓ ተበትኖ ከሚኖረው ሕዝብ የተገኙ ሙዚቀኞች ናቸው።

ፈጣን እጅማ የትም አለ። ለውታሪውን የሚለየው ጌጡን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ዜማው «ላ» የሚባለው ድምፅ ላይ ሲያርፍ ጣቱ ከላዩ ያለውን «ሲ»ን ለቅጽበት ነካ አድርጎ ይመለሳል። ስርባ በሚባለው ጭፈራ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል፤ ያቺ ንክኪ ከሦስቱ በአንዷ ውስጥ ተጠቅልላ መግባት አለባት። ከዘገየች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የሚጨፍሩት ሰዎች እግራቸው ይምታታል።

የሽመና ሥራን አስቡ። ታራፍ በሚባለው ቡድን ውስጥ ድሩን የሚወጥሩት ኮንትራባሱ (ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ) እና ክሩ በሁለት ቀጫጭን በትር የሚመታው ጻምባል ናቸው። አኮርዲዮኑ ማግ ነው፤ ጌጡ ጥለት። ሸማኔው መወርወሪያውን የቱንም ያህል አፍጥኖ ቢወረውር ማጉ በትክክለኛው ድር መሃል ካላለፈ ጥለቱ ይጣመማል። ድሩን ሌሎች ስለወጠሩለትም አኮርዲዮኒስቱ ብዙ ጊዜ የግራ እጁን ባሶች ዝም ያሰኛቸውና ግራውን ለወናፉ ይተወዋል። ይህን አይቶ «ግማሹን መሣሪያ አይችልበትም» የሚልም ገጥሞኛል!

ዋናው ነገር ያለው እዚያው ወናፉ ላይ ነው። ፒያኖ ላይ አንዱን ድምፅ ለማጉላት ቁልፉን ጠንከር አድርጎ መምታት ይበቃል። የአኮርዲዮንን ቁልፍ ብትደበድቡት ድምፁ አይጨምርም፤ የሚያጎላው የንፋሱ ግፊት ነው፤ እሱም በዚያ ቅጽበት ለተከፈቱት ድምፆች ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ አንዱን ድምፅ ነጥሎ ማጉላት ሲፈልግ ከፊቱ ያለውን ቆረጥ ያደርገዋል። ያቺ ትንሽ ዝምታ ቀጣዩን ታደምቀዋለች።

ፍጥነት ወዳዶች የሚጠቅሱት አኮርዲዮኒስቱን ዮኒካ ሚኑኔን ነው። ፈጣን መሆኑ እውነት ነው፤ እኔ ግን ሆራ በሚባለው ጭፈራ፣ ረጋ ባለው ላይ እንድትሰሙት እመርጣለሁ። እያዜመ አኮርዲዮን ይጫወት የነበረውን ፈርሚጸ ላምብሩንም (1927–1974) ስሙት።

ቅጂ ከቅጂ ስታወዳድሩ ግን ጥንቃቄ ይኑራችሁ። በአኮርዲዮኑ ውስጥ ንፋሱ ሲነካቸው ወፍራም ድምፅ የሚያወጡት የብረት ምላሶች ትልልቅ ስለሆኑ ዘግየት ብለው ነው የሚነሱት። ተጫዋቹ የትኛውን የድምፅ ረድፍ እንደከፈተ ሳታውቁ «ይሄኛው እጁ ከባድ ነው» አትበሉ።

ልዩነቱን በጆሮው መለየት የሚፈልግ ጃምፓራሌ የሚባለውን ጭፈራ ይክፈት። ምቱ 2+2+3 ነው፤ ሁለት አጭርና አንድ ረዥም። ጀማሪ ረዥሟን ሳትሞላ ይነጥቃታል፤ ቪርቱኦዞው የረዥሟን ሦስቱንም ክፍል ሞልቶ ነው የሚያልፈው።