የጽንስ ፕሮግራሚንግ ምንድን ነው?

በግ አርቢ ግልገል ሲቀጭጭበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዘሩን ነው፤ ቀጥሎ በሽታን። እናቲቱ አርግዛ ሳለች ምን ትበላ እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እናት በእርግዝና ጊዜ ያገኘችው ወይም ያጣችው ምግብ የልጇን አካል ለዕድሜ ልክ የሚቀርጽበትን ሂደት የእንስሳት ተመራማሪዎች የጽንስ ፕሮግራሚንግ ይሉታል።

በግ የምታረግዘው አምስት ወር ገደማ ነው። የጉዳቱ ዓይነት ረሃቡ በመጣበት ወር ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጽንሱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ምግብ አይሻም፤ የእንግዴ ልጁ የሚገነባው ግን ያኔ ነው። እስከ 90ኛው ቀን አካባቢ አድጎ ያበቃል። እናቲቱ በጣም ከተጎዳችና የእንግዴ ልጁ ከኮሰሰ፣ በኋላ ብትጠግብም ለጽንሱ የሚያልፈው ምግብ ሊያንስ ይችላል። የጡንቻ ክሮች ቁጥርም የሚወሰነው በማህፀን ውስጥ ነው። ግልገሉ ከተወለደ በኋላ ያሉትን ክሮች ያወፍራል እንጂ አዲስ አይጨምርም። ስለዚህ ክሩ ያነሰበትን በግ በፉርሽካና በፋጉሎ ሙክት ለማድረግ ቢለፉ፣ የሚጨምረው ከሥጋው ይልቅ ስቡ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከብዱት የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ናቸው። ግልገሉ ሲወለድ ከሚኖረው ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው በእነዚህ ሳምንታት ነው። እንደ መንዝ ባለ ብርዳም ደጋ በሌሊት የተወለደ ግልገል የሚሞቀው በማህፀን ባጠራቀመው ቡናማ ስብ ነው፤ ከሲታ ሆኖ የተወለደ በቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ተነስቶ ለመጥባትም አቅም ያጣል። በግ ደግሞ በሽታ መከላከያዋን በእንግዴ ልጁ በኩል አታስተላልፍም፤ ግልገሉ የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። የተራበች እናት እንገሯ ያንሳል፣ ወፍራምና ዝልግልግ ስለሚሆንም ለመጥባት ያስቸግራል። መንታ የያዘችው ከሆነች እሷም በደም ስኳር ማነስ ልትወድቅ ትችላለች።

በአውስትራሊያ የሜሪኖ በጎች ላይ የተሠራው ጥናት ደግሞ እናታቸው በእርግዝና የከሳችባቸው በጎች ዕድሜ ልካቸውን አነስተኛና ሸካራ ሱፍ እንደሚሰጡ አሳይቷል። ብዙዎቹ የሱፍ ሥሮች የሚበቅሉት በእርግዝናው ማብቂያ ነውና።

ማጥገብ ብቻውን ግን መፍትሔ አይደለም። በስኮትላንድ አበርዲን የሚገኘው የሮዌት ተቋም ተመራማሪዎች ገና እያደጉ ያረገዙ ጠቦቶችን ከልክ በላይ ሲቀልቡ ምግቡ ለእናቲቱ ሰውነት ሄዶ የእንግዴ ልጁ አነሰ፤ ግልገሎቹም ትንንሽ ሆነው ተወለዱ።

በአገራችን አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር ስለሚውል የብዙ በጎች የእርግዝና ማብቂያ ከበጋው የመኖ እጥረት ጋር ይገጥማል። ያለችውን ጥቂት ፉርሽካ ለመንጋው ሁሉ ከመበተን ወደ መውለጃቸው ለተቃረቡት ማቆየት በእኔ እምነት ከሁሉ ይሻላል። የትኛዋ እንደምትብስ ለማወቅ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ያለውን አከርካሪ በጣት መዳሰስ ይበቃል፤ ጸጉሩ ዓይንን ያታልላልና። አጥንቱ ሹል ሆኖ ጣት የሚወጋ ከሆነ መኖው በቅድሚያ ለእሷ ይሁን።