ኦኪናዋ፦ ባለመሬቱ «አላከራይም» ቢልስ?

በጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴት የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ካረፉበት መሬት ሰፊ ክፍል የግለሰብ ነው። የጃፓን መንግሥት ይከራየውና ለጦሩ ያቀርበዋል፤ ኪራዩንም ራሱ ይከፍላል።

ግራ የሚያጋባው የእምቢተኞቹ ጉዳይ ነው። በልዩ ሕግ መሠረት አንድ ኮሚቴ ከፈቀደ መሬቱ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለተወሰነ ጊዜ ጥቅም ላይ ይውላል። ባለቤትነቱ አይነጠቅም፤ ማሳውን ማረስ ወይም ቤት መሥራት ግን አይችልም።

ለዚህ ፈቃድ የሚቀርበውን የመሬት ሰነድ ባለመሬቱ ካልፈረመ ከንቲባው፣ ከንቲባውም እምቢ ካለ የክፍለ ግዛቱ አስተዳዳሪ ይፈርም ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. አስተዳዳሪው ማሳሂዴ ኦታ አልፈርምም አሉ፤ በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደባቸው። ከሁሉ የሚከብደኝ የ1997ቱ ማሻሻያ ነው፦ የመጠቀሚያው ጊዜ ቢያበቃም ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ መሬቱ በጦሩ እጅ ይቆያል።