የመኪና ክላክስ ሲያልፈን ለምን ይወፍራል?

ደብረ ብርሃን ላይ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ቁሙ። የጭነት መኪና ክላክሱን እያጮኸ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን ይላል፤ ሲያልፋችሁ ደግሞ ወፈር። ይህ የዶፕለር ክስተት ነው። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ሐሳቡን ያቀረበው በ1842 እ.ኤ.አ. ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መኪናው በቀረበ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ የሚሄድ ይመስለዋል። አይደለም! እየጨመረ የሚሄደው ጩኸቱ ነው። መኪናው በአንድ ፍጥነት በቀጥታ ወደ እኛ እስከመጣ ድረስ ቅጥነቱ ያው ነው።

ክላክሱ በሰከንድ 400 የድምፅ ሞገድ ይልካል እንበል። በሰከንድ የሚደርሰን ሞገድ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲያንስ ይወፍራል። መኪናው ሞገዶቹን እየተከተለ ስለሚሄድ ከፊቱ ያሉት ይጠጋጋሉ፤ ከኋላው ያሉት ይራራቃሉ። መኪናው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ ድምፅ ደግሞ በሰከንድ 340 ሜትር ቢጓዙ፣ ሲመጣ 425፣ ሲርቅ 378 ገደማ ይደርሰናል። ሾፌሩ ግን ከክላክሱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ምንጊዜም የሚሰማው 400 ነው።

መኪናው ቆሞ እኛ በዚያው ፍጥነት ብንጠጋውስ? 423.5 ገደማ ይሆናል እንጂ 425 አይሆንም። ልዩነቷ ትንሽ ናት፤ እኔን ግን ሁሌም ትገርመኛለች። ድምፅ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ስለሆነ ማን ከአየሩ አንጻር እንደተንቀሳቀሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነፋሱስ? መኪናውም እኛም ከቆምን፣ የጣርማበር ነፋስ ሳያቋርጥ በእኩል ኃይል ቢነፍስም ቅጥነቱ አይለወጥም።