ስለ ድሮው የሙስሊሙ ዓለም በተለምዶ የሚባሉ ስህተቶች እና እውነታው

ስለ ሙስሊሙ ዓለም የድሮ ታሪክ ወሬ ሲነሳ ሁሌም ሁለት አይነት ሰው ነው የማገኘው፣ አንዱ ሁሉም ነገር ሰይፍና ቃጠሎ ነበር ይላል፣ ሌላው ደግሞ የለም ፍቅርና ሳይንስ ብቻ ነበር ይላል፣ ሁለቱም ግን ከ7ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ከስፔን እስከ ህንድ ድረስ የኖረውን ህዝብ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ነው የሚያወሩለት። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ታሪኩ ውስጥ ገባ ሲባል የኛም ሰዎች አሉበት፣ በግእዝ የቆየ ምስክርም አለን። ስለዚ በብዛት የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«የድሮ ሙስሊም ማለት ያው አረብ ማለት ነው»

አይደለም። ጅማሬው አረቢያ ነው፣ የትምህርቱም ቋንቋ አረብኛ ሆነ፣ ግን በአረብኛ የጻፈ ሁሉ አረብ ከሆነ በግእዝ የጻፈ ሁሉ የአክሱም ሰው ነው ልንል ነው። ሐኪሙና ፈላስፋው ኢብን ሲና በ980 ቡኻራ አጠገብ የተወለደ ፋርስኛ ተናጋሪ ነው፣ ቦታው ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ነው። የአረብኛን ሰዋስው አደራጅቶ የጻፈው ሲበወይህ ራሱ ፋርስ ነው፣ ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። በ1187 ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች የወሰደው ሰላሃዲን ኩርድ ነው፣ በ1055 ባግዳድ የገቡት ሰልጁቆች ቱርኮች ናቸው፣ ሞሮኮንና ደቡብ ስፔንን የገዙት ሙራቢጦችና ሙዋሒዶች ደግሞ በርበሮች ናቸው።

የኛም ሰዎች አሉበት ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ያኔ ግብጽና ሶርያ ውስጥ ከይፋትና ከአካባቢው የሄደን ሙስሊም «ዘይላዒ» ይሉት ነበር፣ በወደቡ በዘይላ ስም ማለት ነው። ፋኽረዲን አዝ-ዘይላዒ ካይሮ ገብቶ የሐነፊ ፊቅህ (ከሱኒ የህግ ትምህርት ቤቶች የአንዱ ህግ) አስተማሪ ሆነ፣ በ1342 እዛው ሞተ። ተማሪው ጀማሉዲን አዝ-ዘይላዒ (በ1360 ነው የሞተው) ትልቁ የሐነፊዎች የህግ መጽሐፍ ላይ የተጠቀሱትን ሐዲሶች (ከነቢዩ የተላለፉ ንግግሮችና ስራዎች) እያንዳንዳቸው ከየት እንደመጡ፣ ጠንካራ ይሁኑ ደካማ፣ እየፈለገ የመረመረበት «ነስቡ ራያ» የሚባል ስራ አለው፣ ዛሬም ሐዲስ የሚማር ሰው ያውቀዋል። አል-አዝሃር ውስጥም የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባል የኛ አካባቢ ተማሪዎች ማደሪያ ነበር።

«አንድ ኸሊፋ፣ አንድ መንግስት ነበር»

ኸሊፋ ማለት የሙስሊሙ ሁሉ መሪ የሚባለው ነው፣ መጀመሪያ ላይ አዎ አንድ ነበር። 10ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ግን በአንድ ጊዜ ሶስት ኸሊፋ ነበር፣ ባግዳድ ላይ የአባሲዶች ስርወ መንግስት፣ ሰሜን አፍሪካ ላይ ከ909 ጀምሮ የሺዓዎቹ የፋጢሚዶች (በ969 ግብጽን ይዘው ካይሮን የቆረቆሩት እነሱ ናቸው)፣ ስፔን ደግሞ ኮርዶባ ላይ ሶስተኛው አብዱራህማን በ929 እኔም ኸሊፋ ነኝ ብሎ አወጀ። የባግዳዱም ቢሆን በ945 ቡዋይሂዶች ከተማዋን ሲይዙ ስሙ ሳንቲም ላይና የጁምዓ ኹጥባ (ስብከት) ላይ ቀረ እንጂ ስልጣኑ ሄዷል፣ የሚገርመው ቡዋይሂዶቹ ሺዓ ናቸው የሱኒውን ኸሊፋነት ግን አላጠፉትም። ዘመነ መሳፍንትን ለሚያውቅ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም፣ ጎንደር ላይ ንጉሱ ዘውዱን ደፍቶ ተቀምጦ አገሩን ራሶቹ ይገዙት የለ፣ እንደዛ በሉት።

«ህዝቡን ሰይፍ አንገቱ ላይ አድርገው ነው ያሰለሙት»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ነው የሚቀላቀለው፣ አገር መያዝ እና ሰው ሃይማኖት መቀየሩ። አገሩ የተያዘው በጦርነት ነው፣ ይሄ አይካድም፣ በ636 ያርሙክ ላይ ቢዛንታይን ተመታ፣ በ642 እስክንድርያ ተያዘች፣ በ711 ስፔን ተገባ። ህዝቡ ግን ወዲያው አልሰለመም። እንደውም የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሰው እንዲሰልም ብዙም አልቸኮሉም፣ ምክንያቱም ሙስሊም ያልሆነ ጂዝያ ይከፍላል፣ ከሰለመ ታክሱ ይቀራል። ኢራቅን ያስተዳድር የነበረው ሐጃጅ የሰለሙ ገበሬዎችን ወደየመንደራቸው እየመለሰ መክፈል ቀጥሉ ይላቸው ነበር፣ ከ717 እስከ 720 የነገሱት ኸሊፋው ሁለተኛው ኡመር ናቸው የሰለመ ሰው ጂዝያ አይክፈል ብለው ያስቆሙት። ግብጽ ውስጥ ከተያዘች ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም ክርስቲያኑ ብዙ ነበር። በጊዜ ሂደት ግን ታክሱ፣ የመንግስት ስራ ፍለጋው፣ ጋብቻው፣ ቋንቋው ተደምሮ ህዝቡን ቀየረው።

ግፍ አልነበረም ማለቴ ግን በፍጹም አይደለም፣ ወርቃማ ዘመን ነበር ሁሉም ተቃቅፎ ነው የኖረው የሚለውም ያው ስህተት ነው። በ831 አካባቢ የአባይ ዴልታ ላይ ያሉት የባሽሙር ቅብጦች (የግብጽ ክርስቲያኖች) ታክሱ ሲበዛባቸው አምጸው ኸሊፋው አል-መእሙን ራሱ ግብጽ ድረስ መጥቶ በጭካኔ ጨፈለቃቸው (የሳይንስ ወዳጅ ተብሎ የሚወደሰው አል-መእሙን ነው)። በ1009 የፋጢሚዱ አል-ሐኪም ኢየሩሳሌም ያለውን የጌታን መቃብር ቤተ ክርስቲያን አስፈረሰ። ግራናዳ ላይ በ1066 አይሁዶች ተጨፈጨፉ፣ ሙዋሒዶች ደግሞ ኮርዶባን ሲይዙ በ1138 እዛ የተወለደው ትልቁ የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ከነቤተሰቡ ተሰደደ። ግን ተሰዶ የት ደረሰ? ግብጽ፣ ያውም የሙስሊም ቤተ መንግስት ሐኪም ሆኖ በ1204 እዛው ሞተ። የሸሸውም ከሙስሊም መንግስት ነው፣ የተቀበለውም ሙስሊም መንግስት ነው።

በ1321 ካይሮ ውስጥ ብዙ ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ ነገሩ እኛ ጋ ድረስ ደርሷል። የግብጽ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት ከጥቂት ዓመት በኋላ አፄ አምደ ጽዮን መልእክተኛ ልከው አብያተ ክርስቲያናቱን መልሳችሁ ካልሰራችሁ እኔም እዚህ ያሉትን መስጊዶች አፈርሳለሁ፣ አባይንም አቅጣጫውን አስቀይራለሁ አሏቸው፣ የግብጹ ሱልጣን አን-ናስር ሙሐመድ ግን ስቆ መለሳቸው።

«የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ያቃጠሉት ሙስሊሞች ናቸው»

ታሪኩን ሰምታችሁታል መቼም። ኸሊፋ ኡመር መጽሐፎቹ ከቁርኣን ጋር ከተስማሙ አያስፈልጉም ካልተስማሙም ይጥፉ አሉ፣ ከዛ የከተማው መታጠቢያ ቤቶች ለስድስት ወር በመጽሐፍ ውሃ አሞቁ የሚለው። ይሄ ወሬ ጽሑፍ ላይ የሚገኘው 13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ነው፣ ተፈጸመ ከተባለ ወደ 600 ዓመት በኋላ፣ መጀመሪያ የጻፉትም ራሳቸው ሙስሊሞች ናቸው። ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ አረቦች ከመድረሳቸው ብዙ ቀድሞ ጠፍቷል።

ማስረጃው ያለው በኛው ቋንቋ ነው፣ እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። የኒቅዩስ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ዮሐንስ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የኖሩ ግብጻዊ ናቸው፣ ዜና መዋዕላቸው መጀመሪያ የተጻፈበት ቅጂ ጠፍቷል፣ ወደ አረብኛ የተተረጎመውም ጠፍቷል፣ ዛሬ ዓለም ላይ የቀረው በ1602 አገራችን ውስጥ ከአረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ብቻ ነው። ስለ ግብጽ መያዝ የሚያጠና የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሰው የኛው ግእዝ ላይ ሳይደገፍ መጻፍ አይችልም። እሳቸው አረቦቹን አይወዱም፣ በገዛ ከተማቸው በኒቅዩስ የተፈጸመውን እልቂት፣ የታክሱን ክብደት ሁሉ ሳይደብቁ ይጽፋሉ። እንደዛም ሆኖ የአረቦቹ የጦር አዛዥ ዓምር የአብያተ ክርስቲያናትን ንብረት እንዳልወሰደ ይመሰክራሉ፣ ታሪካቸው መሃል ላይ የጎደለ ክፍል አለው ግን እስክንድርያ እጅ ስትሰጥ ያለው ክፍል አለ፣ እዛ ላይ ስለ መጽሐፍ ቃጠሎ አንድ ቃል የለም። እሳቸው የሚያውቁትን ግፍ ሁሉ ሲዘረዝሩ ይሄንን ረሱት ብዬ አላምንም።

«የግሪኮችን ተርጉመው አስቀመጡ እንጂ የራሳቸው ነገር የላቸውም»

መተርጎሙንም ማን ሰራው ብለን እንጀምር፣ ባግዳድ ውስጥ የጥንቱን የግሪክ ሐኪም የጋለንን የህክምና መጽሐፎች በገፍ የተረጎመው ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ (በ873 ሞተ) የምስራቅ ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያን ነው። የራሳቸውን በተመለከተ አንድ ሁለት ብቻ ልበል። ባስራ የተወለደው ኢብኑል ሐይሰም ማየት የሚቻለው ከአይን ጨረር ወጥቶ ሳይሆን ብርሃን ወደ አይን ገብቶ እንደሆነ በሙከራ እያስደገፈ አሳየ። ካይሮ ላይ በ1288 የሞተው ሐኪሙ ኢብን ነፊስ ደግሞ ጋለን ደም በልብ ግድግዳ ቀዳዳ ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል ያለው ስህተት ነው፣ ቀዳዳ የለም፣ የሚያልፈው በሳንባ ዞሮ ነው አለ። በሌላ በኩል ዜሮንና ቁጥሮቹን አረቦች ፈጠሩ የሚለውም ልክ አይደለም፣ የሒሳብ ሊቁ አል-ኸዋሪዝሚ ራሱ የህንድ አቆጣጠር ብሎ ነው የጻፈው።

የሃይማኖት ሊቁ ገዛሊ ሳይንሱን ገደለው የሚባለውን ቶሎ ልለፈው፣ ገዛሊ የሞተው በ1111 ነው፣ ኢራን ውስጥ የማራጋ የከዋክብት መመልከቻ የተጀመረው በ1259 ነው፣ ሰመርቃንድ ላይ የሰራው አል-ካሺ ፓይን እስከ 16 አስርዮሽ ቤት ያሰላው በ1424 ነው።

«ባሪያ የሚሆነው ጥቁር ብቻ ነበር»

ከኛ አገር ሰው ተሽጧል፣ ከ869 እስከ 883 ደቡብ ኢራቅን ያናወጠው የዘንጅ የባሪያዎች አመጽም የምስራቅ አፍሪካ ሰዎች ስም ያለበት ነው። ግን ቱርኩም፣ ስላቩም፣ ቼርከሱም ይሸጥ ነበር፣ ከ1250 በኋላ ግብጽን የገዙት ማምሉኮች በልጅነታቸው የተገዙ ቱርኮችና ቼርከሶች ናቸው። የመን ዘቢድ ላይ ደግሞ በ1022 ነጃሕ የሚባል ሐበሻ የጦር ባሪያ ስልጣን ይዞ ነጃሒዶች የሚባል ስርወ መንግስት አቋቋመ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል፣ ስለ እነሱ ትምህርት ቤት አንድም ቀን አለመስማቴ ያሳዝነኛል።

«እስልምና ውስጥ ስለተከለከለ የሰው ስዕል ጭራሽ አልነበረም»

መስጊድ ውስጥና ቁርኣን ላይ ልክ ነው፣ የዑለማዎቹም (የሃይማኖት ሊቃውንቱ) ተቃውሞ የታወቀ ነው። ቤተ መንግስትና ዓለማዊ መጽሐፍ ላይ ግን ሞልቷል። ዮርዳኖስ በረሃ ውስጥ ቁሰይር ዐምራ የሚባል በ8ኛው ክፍለ ዘመን የኡመያዱ ልዑል አል-ወሊድ ኢብን የዚድ ያሰራው መታጠቢያ ቤት አለ፣ ግድግዳው በሙሉ ስዕል ነው፣ አደኑ፣ ዘፋኙ፣ የምትታጠበዋ ሴት፣ ጣሪያው ላይ ከዋክብቱ። አንዱ ግድግዳ ላይ ስድስት ነገስታት ተሰልፈው ቆመዋል፣ ስዕሉ ተጎድቷል፣ የአራቱ ስም ግን በግሪክኛና በአረብኛ ተጽፎ ተነቧል፣ አንዱ የቢዛንታይኑ ቄሳር ነው፣ አንዱ የስፔኑ ሮድሪክ፣ አንዱ የፋርሱ ኪስራ፣ አራተኛው ደግሞ «ነጃሺ» ይላል፣ የአክሱሙ ንጉስ።