በልግ ምንድን ነው?

የካቲት ሲጋመስ አንድ ሁለት ቀን ዘነበ እንበል። የወሎ ደጋ ገበሬ ማሳው ላይ ወርዶ አፈሩን ይጭራል፤ እርጥበቱ ስንት ጣት እንደወረደ ያያል፤ ከዚያም አንድ እፍኝ አንሥቶ በመዳፉ ይጨብጠዋል። አፈሩ ከተያያዘ ገብሱን ይዘራል፤ ከተበተነ ደግሞ ይጠብቃል። ለዘር ያስቀመጠው እህል አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። ዘርቶ ዝናቡ ቢቀርበት፣ ቡቃያው በመጋቢት ፀሐይ ሲጠወልግ ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም። ያ የሚጠብቀው ዝናብ በልግ ይባላል።

በልግ የወቅትም፣ የዝናብም፣ የአዝመራም ስም ነው። «በልግ ገባ» ሲባል ወቅቱ ነው፤ «ዘንድሮ በልጉ ቀረ» ሲባል ዝናቡ ነው፤ «በልግ አጨድን» ሲባል ደግሞ እህሉ ነው። በሜትሮሎጂ አከፋፈል ዓመቱ ሦስት ወቅቶች ሲኖሩት፣ በልግ ከጥር መጨረሻ አንሥቶ እስከ ግንቦት 23 ይዘልቃል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ወቅቶቹ አራት ናቸው፤ ጸደይ ወይም በልግ የሚባለውም ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ስለ አየር ንብረት ስናወራ የምንይዘው የመጀመሪያውን ነው።

ይህ ዝናብ ለሁሉም እኩል አይደለም። ለጎጃም ገበሬ መጋቢት ደረቅ ወር ነው፤ ኑሮው የተንጠለጠለው በክረምቱ ላይ ነው። በወሎዎቹ ለጋምቦና ግዳን፣ በሸዋው መንዝም ግን በልግ ራሱን የቻለ አዝመራ ነው። ወደ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ሲወረድ ደግሞ ዋናው ዝናብ እሱ ይሆናል፤ ቦረናዎች ጋና፣ ሶማሌዎች ጉ ይሉታል። አፋርም በእነዚሁ ወራት የሚጥለውን አጭር ዝናብ ሱጉም ብሎ ይጠራዋል። «ትንሹ ዝናብ» የሚለው ልማዳዊ ስም ከመሐል አገር ሆኖ ያየ ሰው ያወጣው ይመስለኛል፤ ቦረና ላይ ቆሞ ትንሽ የሚለው ሰው አይገኝም።

ዝናቡ የሚመጣው በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር ነው። ፀሐይን ተከትሎ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚጓዘው የዝናብ መቀነት በእነዚህ ወራት በእኛ ላይ ያልፋል፤ ከባሕሩ የሚነሣው እርጥብ ነፋስም ወደ ደጋው ይወጣል። አንዳንዴ ከሜድትራኒያን በኩል የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ያግዘዋል። ክፉ ባላንጣም አለው። በማዳጋስካር አካባቢ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በተደጋጋሚ ሲነሣ እርጥበቱን ወደዚያ ይስበውና የእኛ ሰማይ ደመናው ይሳሳል። ለዚህ ነው በልግ እንደ ክረምት የማይታመነው፤ ጥሎ ይቆማል፣ አንዱን ቀበሌ አጥግቦ ጎረቤቱን ይዘላል።

ከአገሪቱ ዓመታዊ የእህል ምርት የበልጉ ድርሻ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው እየተባለ ሲጠቀስ ኖሯል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነም በልግ ሲቀር የሚደነግጠው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ስሌት ግን በልግ የሚይዘውን ነገር አብዛኛውን አይቆጥርም። በቆላውና በወይናደጋው ያለውን ማሽላ እንውሰድ። ሚያዝያ ላይ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሚታጨድ በምርት ዝርዝር ላይ «መኸር» ተብሎ ይመዘገባል፤ መሬት የያዘው ግን በበልጉ እርጥበት ነው። በልጉ ከቀረ ገበሬው ማሽላውን ትቶ ሐምሌ ላይ ጤፍ ወይም ማሾ ይዘራል። ከማሽላው ጋር አገዳውም አብሮ ቀረ ማለት ነው፤ የከብቱ መኖ፣ የምድጃው ማገዶ፣ የጎጆው ማገር።

በሬውም አለ። በጋውን በገለባ የከረመ በሬ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል፤ በበልግ ሣር ካላገገመ ሰኔ ላይ ቀንበር የሚሸከም ጫንቃ አይኖረውም። ስለዚህ ክረምቱ ያማረ ቢሆን እንኳ የሚታረሰው መሬት ያንሳል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ቡናው የሚያብበው እነዚሁ የመጀመሪያ ዝናቦች በጣሉ በሳምንት በዐሥር ቀን ውስጥ ነው። ወላይታና አካባቢው ላይ ደግሞ ስኳር ድንቹና በቆሎው ዝናቡን ይጠብቃሉ። በ2000 ዓ.ም በልጉ በቀረ ጊዜ ያ አካባቢ በጽኑ ተራበ፤ ኋላ የጣለው ዝናብ መሬቱን አልብሶት ነበርና «አረንጓዴ ረሃብ» ተባለ። ለምለሙ በቆሎ ገና አልደረሰም፤ ልጆቹ በዚያ መሐል ሰውነታቸው አለቀ።

የታላላቆቹን የረሃብ ዓመታት ወደ ኋላ ብትመረምሩ ብዙ ጊዜ በር ላይ ቆሞ የምታገኙት በልግን ነው። ከ1977ቱ እልቂት በፊት የ1976 በልግ ወሎ ላይ ከሽፎ ነበር። በ2007 ዓ.ም በልጉ ቀረ፤ ቀጥሎ ከፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ የሚነሣው ኤልኒኖ ክረምቱን አዳከመው፤ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የዕለት ደራሽ እርዳታ ፈላጊ ሆነ።

አንድ በልግ መቅረቱ ግን የአየር ጠባይ ነው፤ ድሮም ይቀር ነበር። የአየር ንብረት የሚባለው የ30 ዓመትና ከዚያ በላይ ተደማምሮ የሚታየው መልክ ነው፤ ያሳሰበኝም እዚያ ላይ ነው። ከ1970ዎቹና 80ዎቹ ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ የመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናብ በተደጋጋሚ ሲከሽፍ ታይቷል። ከ2013 እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና ከድንበር ማዶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ሚያዝያ 2015 ላይ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ጥናታቸውን ይፋ ሲያደርጉ፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን በጥንቃቄ ሲገመት እንኳ 100 እጥፍ ያህል እንዳሳደገው ተናገሩ። ዋናው ምክንያት ትነት ነው። የሚጥለው ዝናብ ያው ቢሆን እንኳ፣ የጋለው አየር ከአፈሩ፣ ከሣሩና ከኩሬው የሚመጥጠው ውኃ ጨምሯል። ትንሽ ጉድለት ድርቅ ሆነ፤ ድርቁም ከብት ጨረሰ።

ጥቅል ቁጥር የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በመጋቢት 100 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ በዐሥር ቀን ተከፋፍሎ ከመጣ ገብሱ ይጠጣዋል። በሁለት ከሰዓት ከወረደ ግን ተዳፋቱን አጥቦ፣ ዘሩንና አፈሩን ይዞ ሸለቆ ይገባል። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም «መደበኛ ዝናብ» ናቸው። በሞቀ አየር ውስጥ ብዙ እርጥበት ስለሚታቀፍ ዝናብ ሲመጣ በአንዴ የመውረድ ዝንባሌው ይጨምራል። ያ ከባድ ድርቅ ካለፈ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር 2016 ላይ ሶማሌ ክልልን ጎርፍ ያጥለቀለቀው ሰው ገና ከብቱን ሳይተካ ነው።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየዓመቱ በልግ ከመግባቱ በፊት ትንበያ ያወጣል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች፤ ለእያንዳንዱም በመቶኛ የተቀመጠ ዕድል አለው። ሦስቱም እኩል 33 በመቶ ገደማ ከሆኑ ትንበያው ምንም አልጠቆመም ማለት ነው፤ አንዱ 45 ከደረሰ ያጋደለው ወደዚያ ነው። ለእርሻ ባለሙያውና ለመጋዘን ኃላፊው ይህ ትልቅ መረጃ ነው። ማሳው ላይ አፈር ጨብጦ የቆመው ሰው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ «ዛሬ ብዘራ፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ ሦስት ሳምንት ያቋርጥብኛል ወይ?»